በእንቁላሉ ጊዜ ያልተቀጣ ኮከብ

«ጎበዝ እስከሆነ ድረስ ጠባዩን ቻሉት።»

ይህችን አባባል ያልሰማ የለም። መሥሪያ ቤት ትባላለች፣ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ትባላለች፣ ፓርቲ ውስጥም ትባላለች። እንደ ስፖርቱ ዓለም ግን ያለ እፍረት በአደባባይ የምትነገርበት ቦታ የለም። ዛሬ የምሟገተው ከእሷ ጋር ነው። የምሟገትበት ሜዳ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ሁሉ ነገር ይቆጠራል። ነጥቡ ይቆጠራል፣ ዶላሩ ይቆጠራል፣ ጠባይ ያስከፈለው ዋጋም ሳይቀር ይቆጠራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አስቸጋሪ ኮከብ ብቻውን ቡድን የማፍረስ አቅም የለውም። ያንን አቅም የሚሰጠው አለቃው ነው። ትንሿን ጥፋት ለውጤት ሲል ያለፈ አሠልጣኝ፣ ትልቋ ስትመጣ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ የመገረም መብት የለውም። ተረታችን ነገሩን ከማንም በፊት ጨርሶታል። ልጅየው መጀመሪያ እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናት ተቀብላ ጠበሰች። ሲያድግ በሬ ሰረቀ፤ ሊሰቀል ሲወሰድ ወደ እናቱ ዞሮ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ፣ በበሬው ባልተሰቀልኩ» አላት።

ዋሽንግተንና ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ተከታታዮች እሑዳችሁን ይሄው ጨዋታ ስለሚወስድባችሁ ታውቁታላችሁ። ለቀራችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በኤንኤፍኤል አንድ ቡድን 53 ተጫዋቾች ይመዘግባል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ሮጦ፣ ተከላካዩን አታሎ፣ ዘሎ የሚቀበለው ደግሞ ሪሲቨር ነው። እንግዲህ የሪሲቨርን ኑሮ አስቡት። አጥቂው ክፍል በአንድ ጨዋታ ስድሳ ገደማ ጊዜ ኳስ ያስጀምራል። ታላቅ የተባለው ሪሲቨር እንኳ ኳስ የሚወረወርለት አሥር ጊዜ ያህል ቢሆን ነው። በቀረው ሁሉ ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኳሱ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ክብሩ፣ ደሞዙና ስሙ በሌላ ሰው እጅ የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥተኛውንም ሰው ነጭናጫ ቢያደርገው አልፈርድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊጉ እያንዳንዱ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚያወጣውን ገንዘብ በጣሪያ ገድቦታል። ለአንዱ የተጨመረ ብር ከሌላው ላይ የተነሳ ነው። ስለዚህ ኮከቡ ሲያኮርፍ ወይም ሲባረር ሒሳቡ የባለሀብቱ ኪስ ላይ ብቻ አያርፍም፤ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ስሙን በማታውቁት ተጫዋች ላይም ያርፋል። «ጠባዩን ቻሉት» የምትሉ ሰዎች፣ የምታስችሉት እሱን ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ።

ጥር 2017። ፒትስበርግ ስቲለርስ ካንሳስ ሲቲን በጥሎ ማለፍ አሸንፎ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። አሠልጣኙ ማይክ ቶምሊን በሩ ተዘግቶ ለልጆቹ ይናገራል። የሚናገረው በቤተሰብ መካከል ብቻ የሚባለውን ነው፤ ቀጣዩን ተጋጣሚ ኒው ኢንግላንድን ሳይቀር በስድብ እያነሳ። አንቶኒዮ ብራውን የተባለው ሪሲቨር ግን ስልኩን አውጥቶ ያንን ሁሉ በፌስቡክ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። የአሠልጣኙን ንግግር ዓለም ሰማው፤ ተጋጣሚውም ሰማው። በሳምንቱ ስቲለርስ 36 ለ 17 ተሸነፈ።

የተሸነፈው በቪዲዮው ነው አልልም። እንደዚያ የሚል ሰው ጨዋታውን አላየም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቶምሊን በጋዜጠኞች ፊት ድርጊቱን ቂልነትና ራስ ወዳድነት ብሎ ገሠጸ፤ ጉዳዩን በውስጥ እንይዘዋለን አለ። በቀጣዩ ወር ግን ቡድኑ ለብራውን 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአራት ዓመት ተጨማሪ ውል ፈረመለት። በሪሲቨሮች ታሪክ እስከዚያ ቀን ያልታየ ክፍያ ነበር። አፉ ገሠጸው፣ እጁ ሸለመው። እስቲ ንገሩኝ፤ ከሁለቱ ሰውየው የትኛውን የሚሰማ ይመስላችኋል?

«ገንዘቡ ለችሎታው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ችሎታው ይገባዋል። ነገር ግን ውል ሲፈረም መልእክትም አብሮ ይፈረማል። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሌሎች ተጫዋቾች ያነበቡት መልእክት ግልጽ ነው፦ የአሠልጣኙን ምስጢር አደባባይ ብታወጣም፣ መቶ ኳስ እስከያዝክ ድረስ ችግር የለም።

በሬው በ2018 ደረሰ። ስቲለርስ በኅዳር 7 አሸንፎ፣ 2 ተሸንፎ፣ 1 አቻ ወጥቶ ነበር። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። በመጨረሻው ሳምንት፣ ወቅቱ በአንድ ጨዋታ ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ ብራውን ከኳርተርባኩ ቤን ሮትሊስበርገር ጋር ተጋጭቶ ልምምድ ላይ ጠፋ። አሠልጣኙም ከሲንሲናቲው ጨዋታ ውጪ አደረገው። ቡድኑ ያንን ጨዋታ ቢያሸንፍም ከጥሎ ማለፉ ቀረ። ያው ሰው በዚያ ዓመት 104 ኳስ ይዞ 15 ተችዳውን አስቆጥሮ ነበር። ቁጥሩን ያየ «ምርጥ ዓመት» ይላል። ሠንጠረዡን ያየ ደግሞ ቤቱ የተቀመጠ ቡድን ያያል።

በመጋቢት 2019 ለኦክላንድ ሬይደርስ ሸጡት። በዓለም ካሉት ምርጦች አንዱ ለነበረ ሪሲቨር ያገኙት ዋጋ የሦስተኛና የአምስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ለሌላ ቡድን ለሚጫወት ሰው ከገንዘብ ጣሪያቸው 21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቆጠረባቸው። የእንቁላሉ ወለድ ይህ ነው። በዚያ ገንዘብ ሊፈርሙ ይችሉ የነበሩ፣ ወይም ጭማሪ ሊያገኙ ይችሉ የነበሩ ተጫዋቾች ስማቸው የትም አልተጻፈም። የዚህ ዓይነት ተጎጂ ስም የለውም፤ ለዚህ ነው ማንም የማይሟገትለት።

ሬይደርስም አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳያጫውተው አሰናበተው። በኒው ኢንግላንድ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ከሜዳ ውጪ በቀረቡበትና እሱ ባስተባበላቸው ውንጀላዎች ሰሞን ተሰናበተ። ከዚያ ታምፓ ቤይ መጣ። የታምፓ ታሪክ ለኔ ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ሕጉ በአደባባይ ታውጆ፣ በአደባባይ ተሻረ።

አሠልጣኙ ብሩስ ኤሪያንስ በ2020 ብራውንን ሲያስመጣ አንድ ጊዜ ካጠፋ ይባረራል ብሎ ተናገረ። ጥሩ ሕግ ነው፤ አጭርና ግልጽ። በታኅሣሥ 2021 መጀመሪያ ብራውን የክትባት ሁኔታውን በሐሰት በማቅረቡ ሊጉ ሦስት ጨዋታ አገደው። አጠፋ ማለት ነው። ተባረረ? ቅጣቱ ሳያልቅ ሌላው ዋና ሪሲቨር ክሪስ ጎድዊን ጉልበቱ ተጎድቶ ከዓመቱ ውጪ ሆነ። ኤሪያንስ የቀድሞ ቃሉ ሲጠቀስበት ሁኔታው ተቀይሯል፣ ለቡድኑ የሚበጀውን አደርጋለሁ አለ። ብራውን ተመለሰ፤ በመጀመሪያው ጨዋታም 10 ኳስ ያዘ። «አያችሁ!» ተባለ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጥር 2 ቀን 2022፣ ታምፓ በኒው ዮርክ ጄትስ እየተመራ ባለበት በሦስተኛው ሩብ ሰዓት፣ ብራውን ማሊያውን አውልቆ፣ ጓንቱንና ካናቴራውን ወደ ተመልካች ወርውሮ፣ ጨዋታው እየተካሄደ በሜዳው ጥግ እየዘለለ ወጣ። እሱ በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ተጎድቶ ሳለ በግድ ተጫወት ተባልኩ አለ። አሠልጣኙ ደግሞ ስለ ጉዳት አልነገረኝም አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም፤ የሰውየውን አእምሮ መመርመርም የኔ ሙያ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ነው። ኤሪያንስ በገዛ ቃሉ ቢጸና ኖሮ ያ ሰው በዚያ ቀን ሜዳው ላይ አይገኝም ነበር። ታምፓ የዕለቱን ጨዋታ 28 ለ 24 አሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጎድዊንም ብራውንም በሌሉበት በሎስ አንጀለስ ራምስ 30 ለ 27 ተሸንፎ ወጣ። ሕግ ሽሮ ያገኘው ትርፍ ሁለት ጨዋታ እንኳ አልሞላም።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ክርክር በአግባቡ ላንሳ፤ ቀላል ክርክር አይደለምና።

የመጀመሪያው፦ «ያለነሱ አይሸነፍም፣ ያለነሱ ዋንጫ የለም» ይላሉ። ታምፓ በየካቲት 2021 ሱፐር ቦውል ሲያነሳ ብራውን ተችዳውን አስቆጥሯል። እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ልብ በሉ፤ ያ ዋንጫ የመጣው «አንድ ጊዜ ካጠፋህ ትባረራለህ» የሚለው ሕግ በሥራ ላይ በነበረበት ዓመት ነው። ያው ሰው፣ ያው ጠባይ፣ ያው አሠልጣኝ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ሕጉ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ «ጠባይ የምትሉት የገንዘብ ጥያቄ ነው።» እዚህ ላይ ተሬል ኦወንስን ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ለሱም ፍትሕ ይገባዋል። ፊላደልፊያ ኢግልስ ኦወንስ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሱፐር ቦውል አንድ እርምጃ ቀርቶት ተሸንፎ ነበር። ኦወንስ በ2004 መጣ፤ በ14 ጨዋታ 14 ተችዳውን አስቆጠረ። በታኅሣሥ እግሩ ተሰበረ፤ ብረት ተገጠመለት። ሐኪሙ ሳይፈቅድለት፣ ሰባት ሳምንት ሳይሞላው፣ በየካቲት 2005 ሱፐር ቦውል ላይ ገብቶ 9 ኳስ ይዞ 122 ያርድ አስመዘገበ። ቡድኑ 24 ለ 21 ቢሸነፍም እሱን የሚወቅስ አልነበረም። ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው ይህንን አያደርግም።

ከዚያ ውሌ ይሻሻልልኝ አለ። ውሉ የሰባት ዓመትና ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። በኤንኤፍኤል ግን አብዛኛው ውል ዋስትና የለውም። ቡድኑ ተጫዋቹ ሲደክም ወይም ሲጎዳ ቀሪውን ዓመት ቀዶ ይጥለዋል። ቡድኑ ውል ሲያፈርስ «ንግድ ነው» ይባላል፤ ተጫዋቹ ውሉን ልወያይበት ሲል «ጠባየ ብልሹ» ይባላል። ይህ ግብዝነት ነው፤ ስሙን መጥራት አለብን። ሌላም አለ። ቶም ብሬዲ በታኅሣሥ 2021 በሽንፈት ተናዶ ታብሌት ሲወረውር «የማሸነፍ ጥማት» ተባለ። «ዲቫ» የሚለው ቅጽል ግን በብዛት የሚለጠፈው በጥቁር ሪሲቨሮች ላይ ነው። ይህንን የሚክድ አሜሪካን አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ኦወንስ ጥያቄውን ያቀረበበት መንገድ ቡድኑን አቆሰለ። ከባለሀብቱ ጋር የነበረውን ጸብ ወደ ኳርተርባኩ ዶኖቫን ማክናብ አዞረው። በሱፐር ቦውሉ የደከምኩት እኔ አይደለሁም ብሎ ተናገረ፤ ማንን እንደወጋ ሁሉም ገባው። ማክናብ የኦወንስን ውል አልጻፈም፤ ጭማሪም አልከለከለውም። እሑድ እሑድ ኳሱን የሚወረውርለት ሰው ነበር። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። አለቃህን ልትከስ ሄደህ የሥራ ባልደረባህን መውጋት የመብት ትግል አይደለም።

ኢግልስስ ምን አደረገ? አሠልጣኙ አንዲ ሪድ በነሐሴ 2005 ኦወንስን ለአንድ ሳምንት ወደ ቤቱ ላከው። ኦወንስ ደጁ ላይ ካሜራ ፊት ስፖርት ሠራ፤ አገር ሳቀ። ሳምንቱ ሲያልቅ ተመለሰ። የገንዘቡ ጉዳይ አልተፈታም፤ የማክናብ ጉዳይም አልተፈታም። አልከፈሉትም፣ አልሸጡትም፣ አላስታረቁትም። የሚፈልጉት ተችዳውኑን ብቻ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ፣ ቡድኑ 4 አሸንፎ 3 በተሸነፈበት ሰዓት፣ ኦወንስ በቃለ መጠይቅ ቡድኑ ለመቶኛ ተችዳውኔ ክብር አልሰጠም ብሎ ወቀሰ። ብሬት ፋቭር በማክናብ ቦታ ቢሆን ይሻል ነበር በሚለውም ተስማማ። በዚያው ሰሞን መልበሻ ክፍል ውስጥ ከአንድ የቀድሞ ተጫዋች ጋር ተደባደበ። አራት ጨዋታ ያለ ደሞዝ ታገደ፤ ለቀረው ዓመትም ከሜዳ ውጪ ሆነ። በ2004 13 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን በ2005 6 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ማክናብም በኅዳር ተጎድቶ ወጥቷልና ሁሉን በኦወንስ ላይ መጫን አይገባም። በነሐሴ ተከፍቶ የተተወው ቁስል ግን በኅዳር መመርቀዙን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ክርክር፦ «ኮከብ ከተቀጣ ይሰበራል፤ ልቡ ይሸፍታል።» ለዚህ መልሱ ራሱ ኦወንስ ነው። በመስከረም 2000፣ ሳን ፍራንሲስኮ እያለ፣ ዳላስ ሜዳ መሐል ባለው ኮከብ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ደስታውን ገለጸ፤ ለባለሜዳው ትልቅ ስድብ ነበር። ቡድኑ 41 ለ 24 አሸንፏል። አሠልጣኙ ስቲቭ ማሪዩቺ «አሸንፈናል፣ ይለፈው» ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ለአንድ ሳምንት አገደው። ኦወንስ ተሰበረ? ሦስት ወር ሳይሞላ በአንድ ጨዋታ 20 ኳስ በመያዝ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቅጣቱ ጠባዩን ቀየረው አልልም፤ አልቀየረውም። ከማሪዩቺ ጋርም ፍቅር አልሆኑም። የቅጣት ሥራ ግን ሰውን መልአክ ማድረግ አይደለም። ለቀሩት 52 ተጫዋቾች «ሕጉ አንድ ነው» ብሎ መንገር ነው።

«እንዲህ ያለ ሥርዓት በተግባር የት አለ?» ለሚለኝ ራንዲ ሞስን እጠቅሳለሁ። ሞስ በሚኒሶታ ሳለ በጥር 2005 ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑን ትቶ ሜዳውን ለቆ የወጣ ሰው ነው። ኦክላንድ ሄዶ ደበዘዘ። በ2007 ኒው ኢንግላንድ በአራተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ወሰደው፤ ደሞዙንም ቀንሶ ገባ። አሠልጣኙ ቢል ቤሊቺክ የቡድኑን ንጉሥ ቶም ብሬዲን በስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ ስሕተቱን በቪዲዮ እያሳየ የሚወቅስ ሰው ነበር፤ በሥሩ የተጫወቱ ብዙዎች መስክረዋል። ብሬዲ ሲገሠጽ ያየ ሪሲቨር እኔ ለምን ተነካሁ አይልም። ሞስ በዚያ ዓመት 23 ተችዳውን በመያዝ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ የአንድ ወቅት ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ቡድኑም መደበኛውን ውድድር 16 ለ 0 ጨረሰ። ዋንጫው በመጨረሻ አምልጧል፤ ያመለጠው ግን በጠባይ አልነበረም።

በ2010 ሞስ ስለ ውሉ በአደባባይ ማማረር ጀመረ። ቤሊቺክ አራት ጨዋታ እንዳለፈ ሸጠው። እንቁላሉ ገና እንቁላል እያለ ማለት ነው። ቡድኑ ዓመቱን 14 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ጨረሰ። ሞስን የገዛው ሚኒሶታ አንድ ወር ሳይሞላ አሰናበተው፤ ዓመቱንም 6 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ዘጋ። «ያለሱ አንችልም» የሚለውን ዘፈን የምትዘፍኑ ሰዎች፣ ይህን ሒሳብ አስረዱኝ።

ወዳጆቼ፣ ኮከብን አልጠላም። ኦወንስ 153 ተችዳውን ይዞ በ2018 የሊጉ የክብር አዳራሽ ገብቷል፤ ይገባዋል። ሁለት ዓመት አዘግይተውት ስለነበር አኩርፎ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘም፤ ንግግሩን በተማረበት ዩኒቨርሲቲ አደረገ። እስከ መጨረሻው ያው ሰው ነው። እሱን ለመቀየር የተነሳ ሁሉ ደክሞ ቀርቷል። ሱፐር ቦውል ግን ሳያነሳ ጫማውን ሰቀለ። አምስት ቡድን ዞሮ፣ አምስቱም ተችዳውኑን ተቀብለዋል።

ጥያቄዬ ስለሆነም ለአለቆች ነው። የኮከባችሁን የመጀመሪያ ጥፋት አስታውሱ። ስብሰባ አርፍዶ የገባባትን ቀን፣ ባልደረባውን በሰው ፊት ያዋረደባትን ቀን፣ እናንተም ውጤቱን አስባችሁ ዓይናችሁን ወደ ሌላ ያዞራችሁባትን ቀን። በዚያች ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አይተዋችኋል። እሱ ነፃ መሆኑን ተማረ፤ እነሱ ደግሞ ሞኝ መሆናቸውን ተማሩ። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ የሚመጣው ሰው በሰዓቱ የሚመጣበት ምክንያት ፍርሃት ብቻ ይሆናል። ፍርሃት ደግሞ ኳስ አያስይዝም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሃምሳ ሦስት ሰው ባለበት ቡድን ደግሞ አንዱ ባዶ እጁን እንዲሄድ ከተፈቀደለት፣ የሱን ሎሚ ማን እንደሚሸከም ጠይቁ። ስሙን ካወቃችሁት ንገሩን፤ የሚሟገትለት የለምና።

ቸር እንሰንብት።